የታሸገ መርዶ

አዲሱ ሕግ ከወጣ ወዲህ ከባዕድ አገር የተላከ ምስጢራዊ ሰነድ ያየ ሰው፣ ላኪው አገር ካልፈቀደለት፣ ልናገር ቢል ድምፁ፣ ልጻፍ ቢል እጁ ይከዳዋል። እኔ መዝገብ ቤት ስሠራ ያየሁት የአባቴን ሞት ነው።

ዳኛውን ለመንኳቸው።

«ላኪው አገር ይፍቀድልሽ» አሉኝ።

«አገሩን እኮ ባሕር ውጦታል።»

«እንግዲያው የሚፈቅድ የለም።»

መርዶ በማለዳ ነውና፣ ጎህ ሲቀድ እናቴ ፊት እቀመጥና አፌን እከፍታለሁ።

«ዘርፌ፣ ዛሬም ታዛጊያለሽ? እንቅልፍ አጣሽ እንዴ?» ትለኛለች፣ አባቴ ሲመለስ እንዳይሸተው ጋቢውን ልታሰጣ እያወጣች።

ትናንት እሷንም ከዚያው ሰነድ ውስጥ ያለ ፎቶ እንድትለይ መዝገብ ቤት ጠሯት። ዛሬ ጋቢውን አላወጣችም። እጄን ይዛ አፏን ከፈተች፤ ብጠብቅ ብጠብቅ ድምፅ የለም።

«እማዬ» አልኳት፣ «አንቺም ታዛጊያለሽ?»