ሁለቱ ምሰሶዎች

ያ ካሜራ ደግሞ ተመለሰ።

ካሜራ ጠጋኙ ከቆዳ ማኅደሩ አውጥቶ ዓይኑ ላይ ደቀነው። በሱቁ መስኮት በኩል፣ ከጣራዎቹ ሁሉ ማዶ፣ የራዲዮ ምሰሶ ይታያል። ድሮም ካሜራ የሚፈትነው በሱ ነው። እንዲህ ያለው አሮጌ ካሜራ ማያው መሐል ገርጣ ያለች ትንሽ አራት ማዕዘን አለችው፤ እዚያች ውስጥ ነገር ሁሉ ሁለት ሆኖ ይታያል። ሌንሱን ሲያዞሩት ሁለቱ ተጠጋግተው አንድ ይሆናሉ፤ ያኔ ፎቶው ይጠራል። ሌንሱ እስከ መጨረሻው ሲዞር ደግሞ ያ ሩቅ ምሰሶ አንድ መሆን አለበት።

ምሰሶው ሁለት ነበር።

«ምን ታየህ?» አለ የካሜራው ባለቤት።

«ጉድ ነው የሚታየኝ። ባለፈው ወደ ጎን ብቻ ነበር የሸሸው፤ አሁን ወደ ላይም ወጥቷል። ጥለኸዋል እንዴ?»

«እኔ? እንደ እንቁላል እኮ ነው የምይዘው!»

ሰውየው ጡረታ የወጣ የሠርግ ፎቶ አንሺ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የሰው ሙሽራ ሲያነሳ ራሱ ሳያገባ ቀረ፤ ሱፉን ግን ዛሬም አያወልቅም። ሰፈሩ «ሙሽራው» ይለዋል።

የጠጋኙ ሚስት ሱቁን ከቤቱ የሚለየውን መጋረጃ ገለጥ አድርጋ ብቅ አለች።

«መጣህ ሙሽራው? ውሃ ልስጥህ?»

«አልጠማኝም እህት ዓለም፤ እግዜር ይስጥልኝ።»

ሙሽራው ቅንድቡን አነሳ። እሷም ራሷን በትንሹ ነቅነቅ አደረገች። ጠጋኙ አየ፤ ያላየ መስሎ መሳቢያውን ሳበ። ቀጭኗ ካቻቢቴ አለች፤ እጀታዋ ግን ወደ ውስጥ ዞሯል። እሱ ሁልጊዜ እጀታዋን ወደ ውጭ አድርጎ ነው የሚያስቀምጣት።

ስልክ ሁሉ የካሜራ ዓይን ካወጣ ወዲህ ያንን ሱቅ የሚረግጥ ጠፍቶ ነበር። ጠጋኙም አልጋው ላይ ወድቆ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጢሙን አይላጭ፣ የቀረበለትን አይቀምስ፤ ሚስቱ ብትለምነውም ብትቆጣውም ከግድግዳው ጋር ሆነ። ከዚያ ነው ሙሽራው ይህን ካሜራ ይዞ የገባው። ጠጋኙ ተነሳ፣ ተላጨ፣ መነጽሩን ወለወለ። ካሜራው ግን አንድ ጊዜ ተጠግኖ የሚቀር አልሆነም።

ክዳኑን ፈታ። ባለፈው ብሎኑ እንዳይላላ ብሎ የሚስቱን የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብቶት ነበር። ቀይ ነው። አሁንም ያው ቀይ አለ፤ ግን ወፍሯል፣ ዙሪያውን ተዝረክርኳል። የብሎኑ አናትም ተፋፍቋል።

ብሎን ራሱን ቀለም አይቀባም።

«እስቲ ያነሳኸውን አሳየኝ» አለ ጠጋኙ። «ብዥታውን ልየው።»

«ገና ፊልም አልገባበትም።»

«ፊልም ሳታስገባ መበላሸቱን በምን አወቅህ?»

«ዓይን አለኝ እኮ ጌታው! አንተ ብቻ ነህ እንዴ የምታይ?»

ሙሽራው ከት ብሎ ሳቀ። ከመጋረጃው ኋላም ሳቅ መለሰለት። ጠጋኙ የሙሽራውን አውራ ጣት አየ። ጥፍሩ ሥር ቀይ ነጥብ አለች።

ሰው የገዛ ካሜራውን ለምን ያበላሻል? አንድ ቤት ደጋግሞ ለመምጣት ካልሆነ።

ብሎኑን በፀጉር ስፋት ልክ አዞረ። አየ። መለሰ። አየ። ምሰሶዎቹ ተሳሳቡ፣ ገጠሙ፣ አንድ ሆኑ። ለአፍታ ሁሉንም ነገር ረሳው። ከምሳ በፊት ጨርሶ ካሜራውን ለሙሽራው ሰጠው።

ማታ ማዕድ ላይ አላስቻለውም።

«ምን አለሽ?»

«ማን?»

«ሙሽራሽ።»

ሚስቱ ጉርሻዋን አቁማ አየችው። ትቆጣለች ብሎ ነበር፤ ፊቷ በራ።

«ቀናህ እንዴ? እሰይ! ከግድግዳው ይሻላል።»

ቀልድ አድርጋዋለች። ሆዱ ይበልጥ ሻከረ። በማግስቱ ሱቁን አልከፈተም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ፤ ግድግዳው ላይ ሱፍ የለበሰ ሰው ይሄዳል ይመጣል። ሚስቱ በር ላይ ቆማ አየችው።

«እህቴ ጋ ደርሼ ልምጣ» አለች።

በሩ ሲዘጋ ብድግ አለ። መሳቢያውን ሳበ። ካቻቢቴዋ የለችም። መስታወቱ ሥር የምትቀመጠው የሚስቱ የጥፍር ቀለምም የለችም።

ጫማውን ሳያስር ወጣ። ሚስቱ ከፊቱ ናት፤ ዘንቢሏን ይዛ፣ ፈጠን ፈጠን እያለች። አንድ አውቶቡስ መሐላቸው ገብቶ ጋረዳት። አውቶቡሱ አለፈ፤ የለችም። ከዚያ የልብስ ሰፊው ጥግ ላይ ሻርፗን አየ። በእህቷ ቤት መታጠፊያ አልታጠፈችም፤ አልፋ ሄደች። አንዱ በትከሻው ገጨውና ተሳደበ። አልሰማውም። ቢይዛቸውስ ምን ሊያደርግ? ሠላሳ ዓመት አብራው የኖረች ሴት። ተመለስ አለው ልቡ። እግሩ እምቢ አለ።

ሚስቱ የሙሽራው አሮጌ ፎቶ ቤት ገባች።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጠጋኙ በስንጥቁ አጮለቀ። ውስጥ፣ አበባና ፏፏቴ ከተሳለበት የሙሽሮች መጋረጃ ፊት፣ ሁለቱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንገታቸውን ደፍተዋል፤ ግንባራቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ጠጋኙ በሩን ሊበረግደው እጁን አነሳ። ያኔ የሚስቱን ድምፅ ሰማ፤ ትለምናለች።

«እባክህ ወንድሜ፣ ዛሬስ ካሜራውን ከበድ አድርገህ አበላሽልኝ፤ ትናንት ከምሳ በፊት ጨረሰውና ተመልሶ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።»