የቲጃኒ ሳጥን

ባህሪያ ረፋዱን ሙሉ መርካቶ ሳጥን ስታማርጥ ቆየች። አንዱ ጠበባት፣ ሌላው ክዳኑ አልጥማት አለ፤ በመጨረሻ ሰፋ ያለ የዋንዛ ሳጥን ወደደች። ልጇ ቲጃኒ ለብሔራዊ ውትድርና ከታፈሰ ወዲህ ልብሱ በየጥጋጥጉ ተበትኖ አንጀቷን ይበላዋል።

«ኧረ እህቴ፣ ልብሱን ሰደቃ አውጪለት» አለቻት አብራት የመጣችው ታናሿ ፈድሊያ፣ መሬት መሬት እያየች።

«ሰደቃ የሚወጣው የሟች ልብስ ነው። የኔ ልጅ ሲመለስ ምን ይለብሳል?»

ቤት ገብተው ባዶውን ሳጥን አብረው ወለወሉት። ባህሪያ ሱሪዎቹን ከሥር፣ ሹራቦቹን ከመሃል ደረደረች፤ ለዒድ የሚለብሰውን ነጭ ጀለቢያ ከሁሉም በላይ አኖረችና ክዳኑን ገጠመችው።

ዙሁር ሰግደው ሲመለሱ ክዳኑ ገርበብ ብሏል። ነጩ ጀለቢያ የለም። በቦታው ባለመስመር ሸሚዝ በወጉ ታጥፎ ተቀምጧል። ጥቁር ክር ቢያልቅባት በቀይ የተከለችው ቁልፍ ሳይቀር አለ። ቲጃኒን ሲወስዱት የለበሰው እሱን ነበር።

«አንቺ ነሽ?»

«ወላሂ አልነካሁም» አለች ፈድሊያ።

ባህሪያ ሸሚዙን አንስታ ደረቷ ላይ አደረገችው። አሁን ከገላ ላይ እንደወለቀ ሁሉ ይሞቃል።