አራት ገጽ በቃል

ኑ ልጆቼ፣ ጠጋ ጠጋ በሉና ተቀመጡ፤ ይቺን ሰምታችሁ ትሄዳላችሁ።

«ኮርጀሃል ነው የምትለው» አለች ገሊላ የአስተማሪዋን ቃል ስታስተረጉም፣ አባቷን ቀና ብላ ሳታየው።

«የሚሉት በይ» አላት ገብረሕይወት። ደንግጦም ቢሆን አነጋገሯን ሳያርም አላለፋትም። «ምን አሉ? እኔ ኮረጅኩ?»

አትላንታ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ የካቶሊክ ኮሌጅ ቧንቧና ማሞቂያ ሲጠግን ሰባት ዓመቱ ነው። ለሠራተኛ ትምህርት በነጻ ነው ሲሉት፣ በሃምሳ አራት ዓመቱ ደብተር ገዝቶ እዚያው ከምትማረው ልጁ ጋር ተማሪ ሆነ። አሁን የሥራ ልብሱን እንደለበሰ፣ የቁልፍ ዘለላው ወገቡ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ የግብረገብ አስተማሪዋ ቢሮ ተጠርቶ መጥቷል። አስተማሪዋ መነኩሲት ናቸው፤ ሲስተር ቶማስ ይባላሉ። በእሳቸው ዘመን የመነኮሱ ሴቶች በሐዋርያ ስምም ይጠሩ ነበር። እንግሊዝኛው ሲከብደው እንድታስተረጉምለት ገሊላን ይዟት ገባ።

ሲስተር የፈተና ወረቀቱንና መጽሐፉን ጎን ለጎን ዘርግተዋል። «አራት ገጽ» አሉ፣ «ከነነጠላ ሰረዙ አንድ ነው። ኩረጃ ከሆነ ከኮሌጁ ያሰናብታል። አዝናለሁ፣ ደንቡ ነው።»

«አባዬ፣ ይሄን እንኳ ጽፈኸዋል እኮ!» ገሊላ ወረቀቱን በጣቷ መታችው። «‹በገጽ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ያለውን ሥዕል ይመልከቱ› ይላል። የምን ሥዕል? ፈተና ላይ ሥዕል የታለ?»

«መጽሐፉ ይላላ! እኔ ማን ነኝና እቆርጠዋለሁ?»

ገሊላ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። አባቷ ግን ተነሳ። እጁን ወደ ኋላ አጣመረ፣ ደረቱን ነፋ፣ ልጅ ሆኖ ደብረ ታቦር ጥቁር ሰሌዳ ፊት ይቆም እንደነበረው ቆመ። ከዚያ በእንግሊዝኛ ያወርደው ጀመር።

ሲስተር ጣታቸውን መስመሩ ላይ አድርገው ተከተሉት። ገጽ ገለጡ። እሱ አላቆመም። ሌላ ገጽ ገለጡ። ምሳ ሰዓቱን ሁሉ ማሞቂያው ክፍል ተቀምጦ ሲሸመድድ መክረሙን ማን አይቶት! ሥዕሉን ይመልከቱ ወደሚለው ሲደርስ፣ ሲስተር ሳይታወቃቸው ሥዕሉን ተመለከቱ። ገሊላ እጇን ከፊቷ አውርዳለች፤ ይሄን ሰውዬ አይታው የማታውቅ ይመስል አፏን ከፍታ ታየዋለች።

ሲጨርስ፣ ሲስተር መነጽራቸውን አወለቁ።

«አርባ ዓመት አስተምሬአለሁ» አሉ። «እንዲህ ያለ አይቼ አላውቅም። አልኮረጁም። በእርስዎ ላይ የማይገባ ነገር ተናገርኩ።»

እፎይ ብሎ ተቀመጠ።

«ግን አሁንም ማርክ ልሰጥዎት አልችልም።»

«ምን ጎደለ? ቃል ዘለልኩ እንዴ?»

«የነገሩኝ መጽሐፉ የሚለውን ነው። የጠየቅኩት፣ ይቅርታ ያልጠየቀን ሰው ይቅር ማለት ይቻላል ወይ ብዬ ነው። እርስዎ ምን ይላሉ?»

ወደ ልጁ ዞረ። «ምን ማለታቸው ነው?»

«አንተ ምን ታስባለህ ነው የምትለ... የሚሉት።»

«እኔ?»

«አዎ፣ አንተ።»

ሰውዬው ክው አለ። ከየት መጣህ፣ በየትኛው ድንበር ገባህ፣ ወረቀትህ የታለ ሲሉት ነው የኖረው። አስተማሪዎቹም የተማርከውን መልስልኝ ነበር የሚሉት። ምን ታስባለህ ያለው ሰው ቢፈልግ ቢፈልግ ትዝ አልለው አለ። ሲስተር እንደሆኑ ዓይናቸውን ከሱ አልነቀሉም።

«ወንድም ነበረኝ» አለ በአማርኛ፣ ቀስ ብሎ።

«አውቃለሁ አባዬ። ስንታየሁ። በረሃ ላይ ታሞ የሞተው።»

«ታሞ አይደለም። ወደ ሱዳን ስንወጣ አብሮን የነበረው ሰው ሌሊት ውሃችንን ይዞ ሄደ። እኔ ደረስኩ፣ ስንታየሁ አልደረሰም። ሰውየው አሁን እዚሁ አትላንታ አጠገብ፣ ታከር ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡፎርድ ሃይዌይ ገበያ ስንገናኝ ጤና ይስጥልኝ ይለኛል፤ ጤና ይስጥልኝ እለዋለሁ። ስለዚያ ውሃ አንድም ቀን ተንፍሶ አያውቅም። መጽሐፉ ሰላምታ ከመለስክ ይቅር ብለሃል ይላል። ውሸት ነው። እኔ ይቅር አላልኩም። ሞክሬአለሁ፣ አልቻልኩም።»

«ማነው?» አለች ገሊላ።

አባቷ ወገቡ ላይ ያለውን የቁልፍ ዘለላ ነካካ።

«አባዬ፣ ማነው?»

«አንዷለም።»

«ጋሼ አንዷለም? መኪና መንዳት ያስተማረኝ?»

አባቷ አንገቱን ደፋ። ሲስተር አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አዩ። «ምን አሉሽ?» ሲሉ ጠየቁ። ገሊላ ልታስተረጉም አፏን ከፈተች፤ እንግሊዝኛውም አማርኛውም ባንዴ ጠፋባት።

ሲስተር ደግመው አልጠየቋትም። መሳቢያቸውን ስበው ባዶ የፈተና ደብተር አወጡና ከገብረሕይወት ፊት አስቀመጡ። «በመጣልዎት ቋንቋ ይጻፉት» አሉ። «የሚተረጉምልኝ ሰው ፈልጌ አገኛለሁ። ማርክዎ ከዚህ ነው የሚመጣው።»

ያ አራት ገጽ ሳይተነፍስ የሚያወርድ ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ብዙ ቆየ። በመጨረሻ «እኔ» ብሎ ጻፈ። ቀጥሎ ምን እንደሚጽፍ አላወቀም። ገሊላ ወንበሯን ስባ ትከሻዋን ከትከሻው አስጠጋች፤ ሁለቱም ያችን አንዲት ቃል ያዩዋት ጀመር።

እናንተም ልጆቼ፣ ገብረሕይወትን እንደዚያ እንዳጎነበሰ፣ ልጁን ከጎኑ እንዳደረገ አስታውሱልኝ። አደራ።