ጣራ በሰው ትከሻ

«ቁረጡት!» አለ ጓድ ብሩ። ቤቴን ነው የሚለው።

የቤቴ ጣራ ከነሳሩ፣ ከነጉልላቱ የትራክተር ተሳቢ ላይ ተጭኖ በሁለት ካብ መሐል ተቀርቅሯል። ወደፊት አይል፣ ወደኋላ አይል። ትራክተሩ ከኮምቦልቻ የመጣው ለዚሁ ነው፤ ዳገቱ ላይ ያለነውን ሁሉ አንስቶ ሜዳው ላይ፣ መንደር ምሥረታ ከሚሉት ቦታ፣ ሊዘረግፈን። ጠዋት ሲጫን «ኧረ ጓድ፣ መንገዱ ይጠበዋል፣ መጀመሪያ ይለካ» ብንለው «ሳር አይደል እንዴ? ይታጠፋል» አለን። ይታጠፋል! ከደሴ ድረስ እኛን ሊያነቃ የመጣው ሰውዬ፣ ጣራ እንደ ጋቢ የሚታጠፍ መሰለው።

«ዳር ዳሩን ቁረጡና ይለፍ። ምን ታፈጣላችሁ?»

መጥረቢያውን ለሙሄዲን ሰጠው። ሙሄዲን ጎረቤቴ ነው፤ ይህን ጣራ ከሟች ባሌ ጋር ሆኖ የማገረው እሱ ነው። መጥረቢያውን እንደያዘ እኔን አየኝ። ደሜ ፈላ።

ተሳቢው ላይ ወጣሁ። «ና አንተው ቁረጠው!» አልኩት ብሩን። «የዳሩ ማገር አንዴ ከተቆረጠ ጣራው እንዳለ ይበተናል። ከዚያ በምን ልከድነው? በድርቁ ከብቱም አለቀ፣ ሳሩም አለቀ። ክረምቱ ደርሷል። ልጆቼን ያንተ ካፖርት ውስጥ ልክተታቸው?»

«ጓዲት፣ አብዮቱ ቆርቆሮ ያመጣልሻል።»

«መቼ?»

«በሂደት።»

«እንግዲያው ዝናቡንም በሂደት ና በለው!»

ሰው ሳቀ። የብሩ ፊት ጠቆረ፤ እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «አንቺ ሴትዮ፣ ፀረ አብዮት ነሽ ማለት ነው?» ሲል የሳቀው ሁሉ ወደኋላ አፈገፈገ። እኔም ፈራሁ፣ ለምን ይዋሻል። ግን ንዴቴ ከፍርሃቴ ባሰና አልወረድኩም።

ያኔ ሸህ እንድሪስ ከሰው መሐል ወጡ። አገር የሚያከብራቸው፣ ሲቆጡ ጎረምሳ የሚደነግጥላቸው ሽማግሌ ናቸው። ዛሬ ግን ፎጣቸውን ከትከሻቸው አውርደው እጅ ነሱ። «ጓድ፣ ለምን ይቆረጣል? እኛ አገር ቤት የሚሄደው በሰው ትከሻ ነው። ይፍቀዱልንና አውርደን እንሸከመው።»

ብሩ ደስ አለው። «ይኸው! የሰፊው ሕዝብ ጉልበት ማለት ይኼ ነው!» ብሎ አጨበጨበልን። እኔ በሸህ እንድሪስ በገንኩ። ወላሂ በገንኩ። ለዚህ ለትናንት ልጅ እንዲህ መለማመጥ!

ወንዶቹ አጠና አምጥተው ከጣራው ውስጥ አጋድመው በጠፍር አሰሩና ጎረቤቱ ሁሉ ከስር ገባ። ልማዱ ወንዱ ይሸከማል፣ ሴቷ ዕቃ ይዛ ትከተላለች። በአንዱ ጎን ግን ሰው አነሰ፤ ከድርቁ የተረፈው ወንድ ስንት ሆኖ! ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። «አብሽሪ ከሪማ» አለኝ ሙሄዲን፣ ከጎኔ ሆኖ። ሸህ እንድሪስ ከመሐል «ቢስሚላህ!» ሲሉ ጣራው ከተሳቢው ተነሳ፤ በካቡ አናት አሳልፈን ማሳው ውስጥ አወጣነው።

ከስሩ ጨለማ ነው። የሳሩ ዳር እስከ ጉልበታችን ስለሚወርድ ከውጭ የሚታየው እግራችን ብቻ ነው። ይኼ እስኪገባን ብዙ አልቆየንም። አንዱ ከኋላ ብሩን «ይኼ የማን ልጅ ነው እባካችሁ!» አለ። ሌላው የባሰ ጨመረ። ጠዋት ማታ ስብሰባ ላይ እጃችንን እያወጣን የዋጥነውን ሁሉ እዚያ አራገፍነው። እኔም የበኩሌን አልኩ፤ አልደግመውም፣ ነውር ነው።

«ወደ ቀኝ» አሉ ሸህ እንድሪስ፣ ቀስ ብለው።

«ኧረ ሸህ፣ ሜዳው በግራ ነው» አለ ሙሄዲን።

«ቤቷ በቀኝ ነው። ግድግዳው ገና አልፈረሰም። የአላህ ዝናብ ሲመጣ ልጆቿ የት ይግቡ?»

ምላሴን ነከስኩ። ቅድም የበገንኩባቸው ሰውዬ እኮ ናቸው! እግራችን ዞረ፣ ጣራውም አብሮን ዞረ።

«ወዴት ነው? ወደ ታች! ወደ ታች ነው የምላችሁ!» ይጮሃል ብሩ። ሸህ እንድሪስ መንዙማ አነሱ፤ እኛም እየተቀበልን ዳገቱን ተያያዝነው።

ሮጦ ደረሰብን። ጫማው ከሳሩ ስር ታየኝ፤ ከፊታችን መጥቶ ተገተረ። «ቁም!» ሽጉጡ ቀጭ ሲል ሰማሁ። መንዙማው ተቋረጠ፣ ቆምን።

«ይኼን ያዘዘው ማነው? ይውጣ!»

የወጣ የለም።

«እንድሪስ!» አለ። አንቱታ እንኳ የለም። ሽማግሌው አፋቸውን ሳይከፍቱ ሙሄዲን ቀደማቸውና «አቤት!» አለ።

«ሙሄዲን! አንተ ነህ?»

«አቤት!» አሉ ከኋላ ያሉት፣ ሦስት አራት ሆነው።

ጫማው ወዲያ ወዲህ አለ። ጎንበስ ብሎ ሊያይ ሞከረ፤ እዚያ ጨለማ ውስጥ ማንን ይለያል? ከዚያ እኔ ትዝ አልኩት። ጣራው የማን እንደሆነ ያውቃል። ፊት ለፊት ያዋረደችው ማን እንደሆነች ያውቃል። ለሁሉም ጥፋት አንድ ሰው ካስፈለገው፣ ያቺ ሰው እኔ ነኝ። ልጆቼ ታወሱኝ።

«ከሪማ!»

ወጥቼ ልቆምለት ትንፋሼን ስስብ፣ ያ ሁሉ ወንድ፣ ጎረምሳው ከሽማግሌው፣ ጣራው እስኪርገበገብ ድረስ «አቤት!» አለ።