ጉንጩ የተነፋው ሰውዬ

ጠዋቱ እንደወትሮው ነበር። ዳቦና ሻይ ቀረበ፤ አንዱ ካልሲ ጠፍቶ አልጋ ሥር ተገኘ፤ እናት የልጇን ፀጉር ጎንጉና ወደ ትምህርት ቤት ወሰደቻት። ዛሬ ግን ከበሩ አልተመለሰችም። የሥዕል መምህሩ ወላጆችን ጠርተዋል፤ ለመሥሪያ ቤቷም አርፍጄ እገባለሁ ብላለች።

አሁን ከልጇ አጠገብ፣ በልጆች ወንበር ላይ፣ ጉልበቷ አገጯን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ተቀምጣለች።

«አንድ ወረቀት ለሁለት ነው» አሉ መምህሩ ከለር እያደሉ። «ከቤተሰባችሁ የምትወዱትን ሰው ሳሉ። ወላጆች፣ አደራችሁን! መሪው ልጁ ነው። እናንተ ከለር አቀባይ ናችሁ።»

ከጎናቸው አንድ ሾፌር ከነልጁ ተቀምጧል። ሰውዬው አደራውን ገና ከመጀመሪያው ረስቶ እርሳሱን ለራሱ ይዞታል።

«አባዬ፣ ይቺ አያቴ ናት ወይስ ጆንያ?»

«አያትህ ናት። በርዷት ተከናንባ ነው።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የእሷ ልጅ ግን አልሳቀችም። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ በወረቀቱ ላይ ተደፍታ ትስላለች። የምትስለው አባቷን መሆኑን እናት ያወቀችው ከክራባቱ ነው። ባሏ ከሞተ ዓመት አልፎታል። ቤት ውስጥ ስሙ አይነሳም። የማታነሳው እሷ ናት፤ ልጅቷም ከእሷ ተማረች።

የተሳለው ሰው ጭንቅላቱ ከትከሻው ይሰፋል። ጉንጮቹ አብጠዋል። አፉ አንዲት ትንሽ ክብ ናት።

የሾፌሩ ልጅ አንገቱን አሰገገ። «ቲቸር! ይሄን ሰውዬ ጥርሱን አሞታል! ጉንጩ ፊኛ አክሏል!»

«አርፈህ ተቀመጥ አንተ!» አለ አባቱ። ከዚያ ሥዕሉን አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አባቷ ናቸው፣ እህቴ?»

«አዎ።»

በዙሪያው ያሉ ወላጆች ዞር ዞር አሉ። አንዷ ሳቋን በመዳፏ ያዘች። እናት ፊቷ ጋለ። ባሏ፣ መልስ መስጠት በማይችልበት፣ በሰው ፊት መሳቂያ የሆነ መሰላት። ሥራዋ የሕንፃ ፕላን መሳል ነው፤ የተንጋደደ መስመር እያየች ማለፍ አትችልም። ላጲሱን አነሳች።

«እማዬ፣ አልጨረስኩም እኮ።»

«ትንሽ ላስተካክልልሽ የኔ እናት። ትንሽ ብቻ።»

ትንሽ አልሆነም። ጉንጮቹን አጠፋች፤ አፉን አጠፋች፤ ጭንቅላቱን እንደገና ሠራች። ሳሎን ያለውን የባሏን ፎቶግራፍ ዓይኗን ጨፍናም ታውቀዋለች። ግንባሩ መጣ፣ ቅንድቡ መጣ፣ ከንፈሮቹ ግጥም ብለው መጡ። ለአፍታ፣ ያ ሁሉ ሰው ባለበት፣ ደስ አላት።

«ወይ ጉድ! ሊናገር ምንም አልቀረውም» አለ ሾፌሩ። «አየህ ልጄ? አሳሳል ማለት እንዲህ ነው!»

መምህሩም መጡ። ሥዕሉን አዩ፤ ከዚያ ልጅቷን አዩ።

«ይሄ ፎቶው ነው» አለች ልጅቷ።

«አባትሽ አይደል እንዴ?» አሉ መምህሩ።

«አባዬ ነው። ግን እያፏጨ ነበር።»

«ምን?» አለች እናት።

«እያፏጨ ነበር እኮ! ጫማዬን ሲያስርልኝ ያፏጭ አልነበር? ለዚያ እኮ ነው ጉንጩ።» ጉንጮቿን ነፋች፤ ከንፈሯን አሾለች። አየር ብቻ ወጣ።

እናት አስታወሰች። በር ላይ ተንበርክኮ፣ የልጅቷን ጫማ ማሰሪያ እየሳበ ያፏጭ ነበር። ስንቴ «ኧረ ጆሮዬን!» ብላ ተቆጥታዋለች። ይሄንን ረስታው ነበር። ሐዘኑን ለብቻዋ የምትጠብቅ ይመስላት ነበር፤ ልጅቷ ግን እሷ የጣለችውን አንስታ ይዛ ኖራለች።

ቀና ብላ መምህሩን ማየት አቃታት። የሳለችውን አፍ በላጲስ ፈገፈገችና እርሳሱን ወደ ልጇ ገፋች።

«እንኪ የኔ እናት። አንቺ ሳይው።»

ልጅቷ እርሳሱን ያዘች። ወረቀቱ እዚያ ቦታ ላይ ሳስቷል፤ ጠቁሯልም። ጎንበስ ብላ ቆየች። ከዚያ እርሳሱን ቀስ ብላ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«ይሄኛው አያፏጭም» አለች።

«ሌላ ወረቀት እንጠይቃ?»

«ይቅር እማዬ። ደወል ሊደወል ነው።» የእናቷን እጅ ዳበስ አደረገች፤ ልክ ትልቅ ሰው ልጅ እንደሚያባብለው።

መምህሩ ሥዕሎቹን ሰብስበው በግድግዳው ላይ በተወጠረው ገመድ ላይ ሰቀሉ። የልጅቷም መሃል ላይ ተሰቀለ። ግንባር አለው፣ ዓይን አለው፣ ጆሮ አለው። ክራባቱ ልጅቷ እንደሳለችው እንደተጣመመ ነው።

አፍ የለውም።