የእትዬ ማዘንጊያ ዓይን

ኑሲባ አርካዊት በሚባል የዓረብ አገር ሰፈር በሚገኝ አንድ ክሊኒክ የዓይን ውስጥ ፎቶ አንሺ ናት። እናቷ ሐበሻ ስለሆነች አማርኛ ተናጋሪዎቹን የምታስተናግደው እሷ ነበረች። አምና፣ ካፉሪ ሰፈር በሰው ቤት የሚሠሩትን የስኳር ታማሚ እትዬ ማዘንጊያን ስታነሳ ዓይናቸው ውስጥ ጥቃቅን የደም ነጠብጣቦች አየች። ሐኪሙ ወጥቷል፤ እሷም የእህቷ ሰርግ አስቸኩሏታል። "ኸላስ፣ በቃ ደህና ነዎት" ብላ ሸኘቻቸው። ነገ ለሐኪሙ አሳያለሁ ብላ በዚያው ረሳችው። ከስድስት ወር በኋላ ዓይናቸው እንደጠፋ ብትሰማም ለማንም ትንፍሽ አላለችም።

ዛሬ ጠዋት መጀመሪያ የገቡት ሽማግሌው አብደልመጂድ ነበሩ። ፎቷቸው ሲወጣ ኑሲባ ክው አለች። ነጠብጣቦቹም የደም ሥሮቹም የእትዬ ማዘንጊያ ናቸው። የሁለት ሰው የደም ሥር አንድ እንደማይሆን ታውቃለች። ሌንሱን ወልውላ ቀጥላ የገባችውን ቢጫ ቶብ የተከናነበች ሴት አነሳች። ያው ዓይን ወጣ።

አላስችል ቢላት በሩን ዘግታ፣ ማሽኑ ፊት እንደቆመች ደወለች።

"እትዬ፣ ይቅር ይበሉኝ። ያን ቀን ደም እያየሁ ነው ደህና ነዎት ያልኩዎት።"



"እኔስ ዛሬ ግራ ገብቶኝ ነው ያረፈድኩት፣ ልጄ። በጨለማው ውስጥ ሰው ይታየኝ ጀመር። መጀመሪያ አንድ ሽማግሌ ፊታቸውን አስጠጉብኝ። ቀጥሎ ቢጫ ቶብ የለበሰች ሴት መጣች። አሁን ደግሞ አንዲት ነጭ ጋውን የለበሰች ልጅ፣ ስልክ ጆሮዋ ላይ አድርጋ..."

ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

"ምነው ታለቅሻለሽ?"