የጉንጯ ወዝ

ሌስተር አውራ ጣቱን በአፍንጫው ጎን አሸት አሸት አደረገና፣ የወጣውን ወዝ ከብር በተሠራው የዶላር ሳንቲም ላይ በተቀረጸችው ሴት ጉንጭ ላይ ቀስ አድርጎ ቀባው። ከዚያ ሳንቲሙን በሁለት ጣቱ ይዞ ወደ መብራቱ አዘነበለና አንድ ዓይኑን ጨፍኖ አየው።

ኮሪን ወንበሯን ከእሱ ራቅ አደረገች።

ጠረጴዛው የአባቷ የሃስኬል ነበር። ሃስኬል በየዓመቱ ኦሃዮ ውስጥ የሚደረገውን ይህን የሳንቲም ባዛር አስታጉሎ አያውቅም፤ በነሐሴ ሲሞት ሱቁንም ስሙንም ለእሷ ትቶላት ሄደ። የአባቷ የረጅም ጊዜ ጓደኛ ሌስተር፣ የመጀመሪያ ባዛሯ ስለሆነ ብቻዋን እንዳትሆን ብሎ ነበር አብሯት የመጣው። አባቷ ደረጃ ሳያሰጠው የተወውን ይህን ዶላር ከመሳቢያው ውስጥ አግኝተውታል። ከአዳራሹ ማዶ ያሉት ደረጃ ሰጪዎች እንዲህ ያለውን ሳንቲም ተቀብለው፣ ከመብራት ሥር እያገላበጡ ጭረቱን፣ አንጸባራቂነቱን፣ የቅርጹን ጥራት ያዩና ከሰባ ነጥብ ሰጥተው በግልጽ ፕላስቲክ ያሽጉታል። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ የሚያምነው ሳንቲሙን ሳይሆን ቁጥሩን ነው።

ጠዋት በማጉያ ስታየው የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ጭረቶች ነበሩ። አሁን የሉም።

«ምንድን ነው የቀባህባት?»

«ከራሴው የወጣ ነው፤ መርዝ የለውም» አለ ሌስተር እየሳቀ። ወዙ ጭረቱን እንደሚሞላው፣ ስድሳ ሦስት ታገኝ የነበረችው ሴትዮ ስድሳ አምስት ይዛ እንደምትመለስ አስረዳት። የሚያስረዳው ስለ ወጥ ጨው የሚያወራ ያህል ቀለል አድርጎ ነው። የአፍንጫው ጎን አሁንም ያብለጨልጫል።

ኮሪን ዓይኗን ከአፍንጫው ላይ መንቀል አቃታት። አንድ ሰውዬ ሳንቲሙን በጥርስ ሳሙና አሽቶ ሱቃቸው የመጣ ዕለት ትዝ አላት። አባቷ ብድግ ብሎ፣ ይህ የሌባ ሥራ ነው፣ ሁለተኛ ደጄን እንዳትረግጥ ብሎ ነበር ያባረረው። ያን ቀን በአባቷ የኮራችውን ያህል ኮርታ አታውቅም።

«አባቴ ቢያይህ ከዚህ ጠረጴዛ ያባርርህ ነበር» አለችው።

የሌስተር ሳቅ ጠፋ። በሐዘኔታ አያት፤ ሐዘኔታው ከወዙ ይልቅ ቀፈፋት።

«የኔ ልጅ፣ ማን ያስተማረኝ መሰለሽ?»

ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነገራት። እሱና አባቷ አዳራሽ ከመግባታቸው በፊት መኪና ውስጥ ተቀምጠው ይሠሩት ነበር። ከሁለቱ ሳስ ያለውና ለብር የሚስማማው የአባቷ ወዝ ነው እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። የጥርስ ሳሙናውን ሰውዬ ያባረረውም ስላታለለ አይደለም፤ ሥራውን ስላበላሸው ነው።

ኮሪን ከወንበሯ ተነሳች። ሳንቲሙን በጠርዙ ይዛ አዳራሹን አቋረጠችና ከደረጃ ሰጪዎቹ መቀበያ ፊት ቆመች።

«ጉንጯ ላይ የሰው ወዝ ተቀብቷል» አለቻት ለሠራተኛዋ። «እንዲያውቁት ብዬ ነው።»

ሠራተኛዋ አልደነገጠችም። እንዲህ ከሆነ መለያው ላይ ‹ገጽታው ተነካክቷል› ተብሎ እንደሚጻፍ፣ ቁጥር እንደማይሰጠው ነገረቻት። «እርግጠኛ ነዎት?» አለቻት። ኮሪን አዎ አለች። በማን ስም ይመዝገብ ስትባል «ሃስኬል» አለች።

ስትመለስ ሌስተር ሳንድዊች እየበላ ነበር። በዚያው አውራ ጣቱ ላይ የፈሰሰውን ሰናፍጭ ላሰና ምን እንዳደረገች ጠየቃት። ስትነግረው አልተቆጣም፤ እንደ አባትሽ ግትር ነሽ ብሎ ሳንድዊቹን ቀጠለ።

ፊቷን አዞረች። ከፊቷ ባለው የመስታወት ሣጥን መሐል፣ ስንት ሰው ለምኖት አባቷ አልሸጥም ያለው ዶላር ተቀምጧል። ስድሳ ስድስት ይላል መለያው። ጎንበስ ብላ አየችው። ከታሸገ ብዙ ዓመት ሆኖታል፤ የሴትዮዋ ጉንጭ ላይ ወተት የመሰለ ጉም አርፏል። በጉሙ ውስጥ የጣት አሻራ ቀጫጭን ክብ መስመሮች ብቅ ብለዋል፤ መሐላቸውን ደግሞ አንድ ሰያፍ ጠባሳ ቆርጧቸዋል።

ጠባሳውን ታውቀዋለች። የቆርቆሮ ክዳን የቆረጠው የአባቷ አውራ ጣት ነው፤ ልጅ ሳለች የቀለጠ አይስክሬም ከጉንጯ ላይ ይጠርግላት የነበረው።

ኮሪን የሹራቧን እጅጌ ሳብ አደረገችና የራሷን ጉንጭ ጠረገች። ደግማ ጠረገችው፤ እስኪያቃጥላት ድረስ።